የእማማ ዳፊና ሬዲዮ

ውድ ጋሽ ቬሊዛር፣

ዛሬ አንድ ነገር እጽፍልዎታለሁ። ሰው ልገድል ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልገደልኩም። ከእርስዎ በቀር ይህ ነገር በቅጡ የሚገባው ሰው የለኝም።

በሚያዝያ የተለያየንበትን ቀን አይረሱትም። ሦስት ደንበኞች ቆመው እየጠበቁ እርስዎ እኔ የጠገንኩትን ሬዲዮ መብራት በሚፈትሸው ቴስተር ይነካካሉ፤ ጀርባውን፣ ማዞሪያውን፣ እያንዳንዷን ብሎን። እኔም ሰው ፊት፣ "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ሬዲዮ አይደለም የሚጠግኑት፤ ዳዊት ነው የሚደግሙት!" አልኩ። ሰዎቹ ሳቁ። እርስዎ አልተቆጡም። "ያኪም፣ ሬዲዮው ካልተናገረ ሰውየው ይቆጣሃል። መብራቱ ከያዘው ግን መቆጣትም አይችልም" ብለው ካፖርትዎን ደረቡ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ከሠራንበት ሱቅ ወጥተው ቫርና ከተማ፣ ልጅዎ ዘንድ ገቡ።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ሥራው ፈጠነልኝ።

በመስከረም እማማ ዳፊና የሚባሉ ሴት ከገጠር በአውቶቡስ መጡ። የሟች ባላቸውን የሜቶዲን ሬዲዮ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ታቅፈውታል። ከእነዚያ በውስጣቸው ባሉ የመስታወት አምፖሎች ከሚሠሩት አሮጌዎች ነው፤ የውስጥ ብረታቸው በቀጥታ ከመብራቱ መስመር ጋር ከሚገናኘው። አንድ አምፖል ቀየርኩ፤ ድምፁ ጠራ። የድምፁ ማዞሪያ ግን ተሰብሮ ስለነበር ከመሳቢያ አንድ የሚያምር የናስ ማዞሪያ ፈልጌ ገጠምኩላቸው።

"ውይ፣ የሙሽራ ቀለበት አስመሰልከው!" ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ያንኑ ዓይነት ሬዲዮ ሌላ ሰው አመጣልኝ። ማዞሪያው ፕላስቲክ ነው። ለምን ፕላስቲክ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። የእማማ ዳፊና ናስ ነው፤ ብረት በብረት ላይ። ሱቅ ውስጥ መብራቱ ያልያዘኝ ሶኬቱ በደጉ በኩል ስለተሰካ ብቻ ነው። ተገልብጦ ከተሰካ፣ ድምፅ ለመጨመር የተዘረጋ እጅ መብራቱን ይጨብጣል።

ደረሰኙ ላይ የመንደሩ ስም እንጂ ስልክ የለም። አንድ የፕላስቲክ ማዞሪያና ቴስተሬን ይዤ፣ ሱቁን መቆለፌን እንኳ ሳላስታውስ መኪና ውስጥ ገባሁ። መንደሩ ስደርስ ቤቱን አሳዩኝ። የግቢው በር ላይ ጥቁር ጠርዝ ያለው የሞት ማስታወቂያ ተለጥፏል።

ጋሼ፣ ቀርቤ ማንበብ አልቻልኩም። አጥሩን ይዤ ቁጭ አልኩ። ከውስጥ ሰው ይንሾካሾካል፣ ሳህን ይንኳኳል። "ገደልኳቸው" አልኩ፤ ለካ ድምፅ አውጥቼ ኖሯል።

"ማንን ነው የገደልከው?" አለኝ ሰው ከኋላዬ።

እማማ ዳፊና ናቸው፤ ከጎረቤት የተዋሱትን ወንበር ይዘው።

"እማማ... ወረቀቱ..."

"የሜቶዲ ነዋ! ዛሬ ስድስት ወሩ ነው፤ ለተዝካሩ የለጠፍነው። ዓይንህ አያይም እንዴ? ፎቶው ላይ ያለው ጢማም ነው፤ እኔ ጢም አለኝ?"

"ሬዲዮውን ከፍተውታል?"

"ስድስት ወሩ ሳይሞላ በሐዘን ቤት ዘፈን? ምን ነካህ! ዛሬ እንግዶቹ ከቀማመሱ በኋላ ልከፍተው ነው።"

እማማን ከነወንበራቸው አቅፌ አለቀስኩ።

"ማዞሪያው ላልቷል፣ ላጥብቀው" ብዬ መደበቅ እችል ነበር። አልሆነልኝም። ቤት ገብቼ በእንግዶቹ ፊት ጥፋቴን ሁሉ ተናገርኩ። የሜቶዲ ወንድም ቡጢውን ጨብጦ ተነሣ።

"አንተ ተቀመጥ!" አሉት እማማ ዳፊና። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ሜቶዲ አርባ ዓመት ሙሉ ስጨቀጭቀው ኖሮ ዕረፍት ካገኘ ገና ስድስት ወሩ ነው። አሁኑኑ ብደርስበት በር የሚከፍትልኝ ይመስልሃል?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ወንድምየውም ሳቀ፤ እኔም ከነእንባዬ ሳቅሁ።

ናሱን አውልቄ ፕላስቲክ ገጠምኩ። ቴስተሬን አውጥቼ እያንዳንዷን ብሎን ነካሁ፣ ሶኬቱን ገልብጬ ሰክቼ እንደገና ነካሁ። ማንም አልቸኮለም። ሲከፈት ከዳኑብ ወንዝ ማዶ አንድ ሰውዬ በሩማንያኛ ያወራል። "ሜቶዲም አንድ ቃል ሳይገባው ነበር ሲያዳምጥ የሚውለው" አሉ እማማ፤ ድምፁንም በገዛ እጃቸው ከፍ አደረጉት። ዓይኔን ከእጃቸው አልነቀልኩም። ምንም አልሆኑም። በስኳር የተለወሰውን የተዝካሩን ንፍሮ ሰጡኝ፤ ሳህኑን አሟጥጬ በላሁ።

ከዚያ ወዲህ፣ እርስዎ ከሄዱ በኋላ ከሱቁ የወጡትን ሬዲዮዎች ቤት ለቤት ዞሬ ፈተሽኩ። ሠላሳ አንድ ናቸው። የመጨረሻውን ትናንት ጨረስኩ። ሁሉም ደህና ናቸው። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጋሼ፣ ያሳፈርኩዎት ሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውም በፖስታ ቤት የሚላክ አይደለም። እሑድ በጠዋቱ ባቡር ቫርና እመጣለሁ። ልጅዎና ልጆቿ ባሉበት እግርዎ ላይ እወድቃለሁ። በሩን ቶሎ ባይከፍቱልኝ አልቀየምም፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቅዎታለሁ።

ያኪም
ከሩሴ ከተማ