የፎጣው ደረቅ ጫፍ

ውድ ዳባ፣

አንዱ ነጠላ ጫማህ እኔ አልጋ ሥር ነው። ኋላ ስትፈልገው እንዳትጮህብኝ።

ስሙን ያወጣችልህ እማዬ ናት፤ «ይሄ ልጅ ሲጠሩት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል» ብላ። ምሳ ቀረበ ሲባል ግን ከጎረቤት ግቢም ሆነህ ትሰማ ነበር።

ወደ ዋና ስንሄድ በር ላይ ቆማ የምትለንን በቃላችን እናውቀዋለን። «ከውሃ ስትወጡ ጭንቅላት ዘንበል፣ በአንድ እግር ዘለል ዘለል፣ ከዚያ ጆሮ በደረቅ ፎጣ!» እኛ ደግሞ ድምጿን እያስመሰልን በአንድ እግራችን መንገዱን እንሻገራለን። ፎጣው ግን አንድ ነበር። «ታላቅ ይቀድማል» እያልኩ የእግሬን ጣት ሳይቀር አደርቅበትና ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ እወረውርልሃለሁ።

«ይሄማ ራሱ ዋኝቶ ነው የመጣው» ትለኝ ነበር። እስቅ ነበር።

ጆሮህን ሲያምህ ለእኔ ብቻ ነገርከኝ። «ለእማዬ እንዳትነግራት፣ ዋና ትከለክለናለች» አልከኝ። አልነገርኳትም። ምስጢርህን ለመጠበቅ አይደለም ዳባ፤ እኔም መዋኘት ስለፈለግኩ ነው።

ከዚያ ስትጠራ አቤት ማለት ተውክ። እማዬ «ዳባ! አንተ ዳባ!» ስትል «ተዪው፣ አመሉ ነው» አልኳት። አንተ አፌን አፌን ታየኝ ነበር። ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ጣለህ። ሐኪሟ «ከጆሮው አልፎ አንጎሉ ጋ ደርሷል፤ ምነው ቀደም ብላችሁ ብታመጡት?» አለች። እማዬ «ምንም አላለኝም እኮ» ስትል እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሦስቴ አነበብኩ።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ትናንት ወደየቤቱ ሄደ። ዛሬ ጠዋት ያለ አንተ ብቻዬን ተነሣሁ። አልጋህን አላየሁም። ፊቴን ታጠብኩና በፎጣው በአንዱ ጫፍ ብቻ አደረቅኩ፤ ሌላውን ሳላስነካ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ያኛው ጫፍስ?»

«የእሱ ነው» አልኳት። ቀጥዬም፣ «እማዬ፣ ጆሮውን እንደሚያመው ነግሮኝ ነበር።»



«አልሰማሁህም» አለችኝ።

ፊቷን ሳየው ሰምታለች። ደገምኩላት።

ታላቅህ