ስለ ሆመጠጠው ጠርሙስ የቀረበ ልመና

ለተከበሩ የሬስቶራንቱ የወይን ጠጅ አዋቂ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ከጤናዎም ይልቅ ለዚያ ለተካነው ምላስዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ባለፈው ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር መስኮቱ ሥር የተቀመጥኩት፣ ብርጭቆ በቀጭን እግሩ መያዝ እንዳለበት በእርስዎ ትዕግሥት የተማርኩት ደንበኛዎ ነኝ። ባለቤቴ ከሕመሟ ብትድንም፣ መድኃኒቱ ጣዕም የሚባለውን ነገር ከወሰደባት መንፈቅ አልፏል፤ ማርም ሬትም ለእርሷ አንድ ነው። ወደ እናንተ ያመጣኋት በራችሁ ላይ «ለእያንዳንዱ ምግብ የሚስማማ ወይን» የሚለውን አንብቤ፣ ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ይሰማት ይሆናል ብዬ ነበር።

አንደኛ፣ ከሾርባው ጋር ስለሚጠጣው ወይን አፈር፣ ጤዛና በርሜል ሲያብራሩልን ሾርባው በረደ። አመሰግናለሁ፤ በእኛ ዕድሜ ስለ አፈር ቀድሞ ማወቅ አይከፋም።

ሁለተኛ፣ ከዓሣው ጋር የቀዱላትን ስትቀምስ «ምን ምን ይልዎታል?» ብለው ጠየቋት። በዓይኔ ብጠቅስዎም አላዩኝም። እርሷ ሰው ማሳፈር አትወድምና፣ ቀደም ብሎ ከአፍዎ የሰማችውን «የበሰለ ኮክ» መልሳ ሰጠችዎ። «ምላስ ማለት ይሄ ነው!» ብለው ለጎረቤት ጠረጴዛ አበሰሩ፤ ሰዎቹም አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ?

ሦስተኛው ግን ሆድ ይፍጀው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከሥጋው ጋር፣ ራስዎ ቀምሰው «ግሩም ነው» ያሉትን ቀይ ወይን ቀዱልን። ባለቤቴ ተጎንጭታ ፊቷን አጨማደደች። «ይሄ ነገር ሆምጥጧል እኮ!» አለች። ደግማ ተጎነጨች፤ ብርጭቆውንም በሁለት እጇ እንደያዘች እንባዋ ወረደ። እኔ ነገሩ ገብቶኝ አፌን ሳልከፍት፣ እርስዎ አሽትተው፣ የጠርሙሱ ቡሽ አየር አስገብቶ እንዳበላሸው አረጋግጠው፣ ስላስለቀሷት ደጋግመው ይቅርታ ጠይቀው፣ ጠርሙሱንም ብርጭቆውንም ይዘው ሄዱ። እባክዎ ይመልሱልን እያልኩ እስከ ወጥ ቤቱ በር ተከተልኩዎ። «አይጨነቁ፣ ሁለተኛ አይደገምም» ብለው አጽናኑኝ። ቃልዎን ጠብቀዋል። በምትኩ ያመጡት፣ ከሥጋው ጋር እጅግ የተስማማው ወይን፣ ለእርሷ ውኃ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሎሚ ጨመቅኩ፣ ኮምጣጤ በየዓይነቱ ገዛሁ። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ። እርሷም እንዳላዝን ብላ ኮክ ኮክ ይላል ትለኛለች።

ስለዚህ ዓይኔን በጨው አጥቤ እለምንዎታለሁ፤ ከጓዳዎ የተበላሸ፣ ለክቡር እንግዳ የማይቀርብ ጠርሙስ ሲገኝ አይድፉብን። ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚስማማ ማብራሪያ አንጠይቅም።

ብርጭቆውን በእግሩ እንደያዘ ጥሪዎን በትሕትና የሚጠባበቀው፣
የመስኮቱ ሥር ደንበኛዎ

ታናሽ ማስታወሻ፦ ባለቤቴ ስለ ኮኩ መዋሸቷን ይቅር እንዲሏት ትለምናለች። ደግሞም ያንን ወይን ቀምሰው ግሩም ማለትዎን አስታውሳ፣ እርስዎንም እንደ እርሷ መድኃኒት ጣዕም ነስቶዎት ከሆነ እግዜር ይማርዎት ብላለች።