ገመድ ስለሌለው ኪቦርድና ስለ ፈውዚያ አልበም

ለተከበሩ አቶ ገርባ፣ የሰፈራችን ወጣት ማዕከል ኃላፊ
አዳማ

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ይህን ደብዳቤ በማዕከሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው ቢሮዎ መጥቼ መናገር ስለማልችል ነው፤ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። ባለፈው ቅዳሜ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት መድረክ ላይ ያስቀመጡኝም ይህንኑ ስለሚያውቁ ይመስለኛል። ስለዚህ ውለታዎን በተራ በተራ ላመስግን።

አንደኛ፣ ለእውነት ስላለዎት ጥብቅ አቋም። ጎረቤቴ ፈውዚያ «የከሰዓት ነፋስ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሟን በአዳራሹ ለማስመረቅ ስትጠይቅዎ፣ ፕሌይባክ፣ ማለትም በተቀዳ ድምፅ አፍ እያንቀሳቀሱ ማስመሰል፣ ሕዝብ ማታለል ስለሆነ በእኔ አዳራሽ አይደረግም አሉ። እሷም እዚያው በድምፅዋ እንደምትዘፍን፣ ግጥሙንም ዜማውንም ምቱንም ብቻዋን በላፕቶፕ እንደሠራች፣ መድረክ ላይም በገዛ ጣቷ እንደምታስኬደው በትሕትና አስረዳችዎ። የግቢያችንን ቆርቆሮ ነፋስ ሲመታው በስልኳ ቀድታ ከበሮ እንዳደረገችው ሳይቀር አሰማችዎ። እርስዎም አዳምጠው ሲጨርሱ፣ «ጎበዝ ነሽ ልጄ፤ ተጫዋቾቹስ የት አሉ?» አሏት።

ሁለተኛ፣ ተጫዋቾች እንደሌሏት ሲረዱ ስላሳዩት ርኅራኄ። ከማዕከሉ መጋዘን ጊታር፣ ድራምና ኪቦርድ አስወጡላት፤ ሰው ደግሞ ከደጅ ሰበሰቡላት። ጊታር የያዘው ዛኪር የሰፈሩ ቡድን በረኛ ነው። ድራሙ ላይ የተቀመጠው ሚኪያስ ባጃጅ ይነዳል። ኪቦርዱ ላይ የተቀመጥሁት እኔ ወንበር ለመደርደር ነበር የመጣሁት። ኪቦርዱ ገመድ እንኳ አልነበረውም። ጣታችሁን አንቀሳቅሱ፣ ብቻ ሰው እንዳታዩ ብለው መከሩን፤ በዚህም ሕዝቡ ከመታለል ዳነ።

ሦስተኛ፣ ላፕቶፕ መድረኩን ቢሮ ያስመስለዋል ብለው ከመጋረጃው ጀርባ እንዲቀመጥ ስላደረጉ። ፈውዚያ በየዘፈኑ መሃል ወደ መጋረጃው ስትገባና ስትወጣ፣ ፊት ወንበር ላይ የነበሩ እናቶች ልጅቷን ሆዷን አሟት ይሆን እያሉ ተጨነቁ። ቢሆንም ዘፈነች። ስለ እናቷ የሠራችው ዘፈን አለ፤ ሽንኩርት ልታመጣ ጎህ ሲቀድ ወደ ዓለም ጤና ከተማ ስለምትወርድ እናት፣ ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በኦሮምኛ። እሱን ስሰማ ከማይሰማው ኪቦርድ ላይ ቀና ማለት አቅቶኝ አለቀስሁ።

ለዚህም «በጥልቅ ስሜት ለተጫወተች» የሚል የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። በንግግርዎ የሙዚቃ ባንዱ የማዕከሉ ፍሬ መሆኑን ገልጸው፣ ፈውዚያን ከባንዱ ጋር ስለተባበረች አመሰገኗት። አልተጫወትሁም ልልዎ አፌን ከፍቼ ነበር። ድምፅ አልወጣም። እርስዎ ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አትፍሪ፣ ይገባሻል» አሉኝ።

በማግስቱ ፈውዚያ ቤት ሄድሁ። ሰው ስለ ባንዱ ሲያወራ ውሎ ነበር። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «እንኳን ደስ አለሽ ሰብሊ» አለችኝ። አላሾፈችም፤ ብታሾፍ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከክፍሏ ምንም አይሰማም። እናቷ ላፕቶፑን ከአልጋ ሥር አስገባችው ትላለች።

አሁን ደግሞ ባቱ ከተማ ላይ በሚደረገው የወጣቶች በዓል ባንዱ ከተማችንን እንዲወክል መመረጡንና፣ ፈውዚያ መድረክ ላይ ስለማትረጋጋ በሌላ ድምፃዊት መተካቷን ሰማሁ። ያላረጋጋት ወደ መጋረጃው መመላለሱ መሆኑን ቢያስታውሱልን ብዬ ነበር፤ ይቅርታ፣ ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ።

የምለምንዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አልበሙን ፈውዚያ ብቻዋን ሠራችው ብለው በማይክሮፎን ይናገሩላት። እንደማይናገሩ አውቃለሁ። እኔም መናገር አልቻልሁምና አልፈርድብዎም፤ ልዩነታችን ማይክሮፎኑ እርስዎ እጅ መሆኑ ብቻ ነው።

ሐሰትን በመጋረጃ፣ እውነትን በገመድ አልባ ኪቦርድ ለሚጠብቁልን ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ያልተጫወተችው ተጫዋችዎ
ሰብለወንጌል ኃይለየሱስ

ሳልጽፈው የቀረ፦ ለባቱ አዲስ ዘፈን ይዘን ሐሙስ ለልምምድ እንድንመጣ አዝዘዋል። አባቴ በእርስዎ ፊት እሺ ስላለ እመጣለሁ። ከዛኪርና ከሚኪያስ ጋር ተነጋግረናል፤ ጣት ማንቀሳቀሱን ችለነዋል። ዘፈኑን ከየት እንደምናመጣው ብቻ ቢነግሩን።