የናፖሊ ዙፋን በሰመራ

ሰኞ

ጀማል ሻንጣውን ብቻ ይዞ ቢመጣ እንግዳ ነው ብዬ ዝም እል ነበር። ፍራሹንም ጭኖ ነው የመጣው። ከአዋሽ ሰመራ ድረስ ፍራሽ! እዚህ አገር ፍራሽ የሚባል ነገር የጠፋ ይመስል።

እትዬ ዘይነባ በረንዳ ድረስ ወጥታ ተቀበለችው። "የኑሩ ደም መጣልኝ!" አለች፣ ሻይ የሚጠጡት ሹፌሮች ሁሉ እየሰሙ። ኑሩ ሟች ባሏ ነው። ጀማል የኑሩ የወንድሙ ልጅ ነው። እኔ ደግሞ የእሷ የእህቷ ልጅ ነኝ። አላህ ልጅ ስላልሰጣት እናቴን "አንዷን ስጪኝ" ብላ፣ የወተት ጥርሴን ሳልነቅል ከባቲ አመጣችኝ። ያደግሁት እዚህ ሆቴል ውስጥ፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች መሃል ነው። ሻይ ማመላለስ የጀመርኩት ትሪው ከእኔ ሲበልጥ ነው። አሁን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አስተምራለሁ፤ ከክፍል ስወጣ ግን ቀጥታ የምመጣው ካሸር ላይ ወዳለችው ወንበሬ ነው። ሰው "ሆቴሉ የማን ነው?" ሲለኝ "የእኛ" እላለሁ። "የእትዬ ነው" ብዬ አላውቅም።

ጀማል አዋሽ ያለውን ቁርስ ቤቷን ነበር የሚይዝላት። ምን ነበረበት እዚያው ቢቀመጥ?

"ምን ሊያደርግ መጣ?" አልኳት፣ ሰው ዞር ሲልልኝ።

"እግሬ ከዳኝ። ቤቱን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

"እኔስ?"

"አንቺማ መምህር ነሽ።"

መምህርነት ሕመም ይመስል! ደሜ ፈላ። እሱ ደግሞ "እርስዎ እንዳሉ ይሁን እትዬ፣ እርስዎ ብቻ ይዘዙኝ" እያለ ይሽቆጠቆጣል። እኔ አንቺ ነው የምላት። ልጅ እናቱን ሌላ ምን ይላል?

ማክሰኞ

የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ክፍል። የዛሬው ትምህርት የናፖሊ ዙፋን ነበር። ከዚህ ሁሉ ሳምንት ይሄን ሳምንት ጠብቆ መምጣቱ!

እንዲህ ብዬ ነው ያስረዳኋቸው። የፈረንሳይ ንጉሥ ወንድም፣ አንዡ የሚባለው መስፍናዊ ቤት ሰው፣ የሮማው ጳጳስ መርቀውት ደቡብ ጣሊያን ሄደና ዙፋኑን ያዘ። ዘሩ በዛ፣ ተከፋፈለ፣ ተባላ። ከዘሩ የመጣችው ንግሥት ጆቫና አራት ባል አግብታ ልጅ አልቀረላትም። የዘመዷን ልጅ ሻርልን ቤቷ አሳደገችው፤ የእህቷን ልጅም አገባ። ወራሿ እሱ ነው ተባለ። ኋላ ሁለት ጳጳሳት ተነስተው ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ስትከፈል እሷ ከአንዱ ጋር ቆመች፣ ሻርል ከሌላው ጋር ቆመ። እሷም ከፈረንሳይ ሉዊ የሚባል ሌላ የአንዡ ልዑል መርጣ "ልጄ ይሄ ነው" አለች። ዐይቷት የማያውቅ ሰው! በቃ፣ ጦርነት።

ዓሊ የሚባል የአሳይታ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ የሁለቱም ዘር ከፈረንሳይ የመጣ ነው። የናፖሊ ሰዎችስ? እነሱን የጠየቀ አለ?"

"መጽሐፎቹ ስለ እነሱ እምብዛም አይጽፉም" አልኩ።

"እዚህም ስለ እኛ አይጽፉም" አለና ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ጥሩ ጥያቄ ነው አልኩት። እኛ መምህራን ጥሩ ጥያቄ ነው የምንለው መልሱ ሲጠፋብን ነው።

እውነቱን ልጻፍ፦ ሳስተምር ለሻርል አድልቻለሁ። ድምፄ ራሱ ያስታውቃል። ያደገው እኮ እሱ ነው! ቤቱ ውስጥ ያደገው!

ስመለስ ጀማል ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። ትራስ አድርጎበታል።

ረቡዕ

ጀማል ዛሬ እጁን ያስገባባቸው፦ የስቶር ቁልፍ። የወጥ ቤቷ የዘሃራ የበርበሬ ልክ (በዛ ይላል፣ ዘሩ ወሎ ሆኖ! ከመቼ ወዲህ ነው የወሎ ሰው በርበሬ የሚበዛበት?)። የሹፌሮቹ ቴሌቪዥን ቻናል። የእኔ ቬንትሌተር። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ለሳሎኑ ብቻ ይበቃል አለ። በዚህ ሙቀት! ልብሴን ከላዬ ላይ መጭመቅ ይቻላል።

እሺ አልኩ። ጥርሴን ነክሼ እሺ አልኩና የጀነሬተሩን ማስነሻ ገመድ ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ምሳ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ጀማል ቢጎትት ምን ይጎትታል? ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሹፌሮቹ "ኧረ ቀቀላችሁን!" እያሉ አንድ በአንድ ወደ ጎረቤት ሄዱ። ወላሂ፣ ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ከዚያ እትዬን አየኋት። ጥግ ላይ ተቀምጣ በካርቶን ቁራጭ ታራግባለች፣ ላቧ በአገጯ ይወርዳል። ገመዱን መለስኩ። "የት አገኘሽው?" አለኝ ጀማል። "የፈለገ ያገኛል" አልኩት።

እትዬ ግን እኔን አየት አድርጋ ቦርሳዬን አየችው። አወቀችብኝ መሰለኝ።

ሐሙስ

ምን ዓይነት የተረገመ አፍ ነው የሰጠኝ! አፌን በቆረጠው።

ከአስር ሶላት በኋላ ጓሮ ባለው ሳሎን ዱዓ ነበር። ወንዶቹ ጫታቸውን ይዘው ከፊት፣ እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ። ሼህ ሰይድ ከሎግያ መጥተዋል። እኔ ሻይ እቀዳለሁ፣ በመሃል የተማሪዎቼን የሚድ ፈተና ጭኔ ላይ አስቀምጬ አርማለሁ። ሼሁ ይመርቃሉ፣ እኛ መዳፋችንን ዘርግተን አሚን እንላለን። የታመመውን ያሽርልን፣ አሚን። መንገደኛውን በሰላም ያግባልን፣ አሚን። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የለመድኩት ነው፤ እጄ ወረቀት ላይ ሆኖ አፌ ራሱ ይላል።

"ዘይነባ የዚህን ቤት አማና፣ አደራውን፣ ለኑሩ የወንድሙ ልጅ ለጀማል ሰጥታለች፤ አላህ እጁን ያጽናለት!"

"አሚን!"

ከሁሉም በላይ የተሰማው የእኔ ነበር። ቀይ እስክሪብቶዬ እንደተከፈተ ቀረ። ዘሃራ በክርኗ ጎሸመችኝ። ቀስ እያለ ገባኝ፣ ሲገባኝ ኩም አልኩ።

በእኛ ዘንድ ዱዓ ላይ አሚን ያለ ሰው ቃሉን ሰጥቷል። ነገ ተነስቶ አልተስማማሁም ቢል ዱዓ አፍራሽ ነው የሚባለው፤ የሚሰማውም የለም። ሼሁ ሲወጡ በር ላይ ጠብቄ "አባባ፣ እኔ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር" አልኳቸው።

"ልጄ፣ አሚንሽን ግን ሁላችንም ሰምተናል" አሉኝ። ፈገግ ብለው ነው ያሉኝ።

እትዬም ሰምታለች። "አየሽ፣ አንቺም መረቅሽው" አለችኝ። በቁሜ ቀበረችኝ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሦስታችን ምሳ ቀረብን። የበሰለው በእኔ እጅ ነው። እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር፤ አንጀቴ እርር ብሏል። ቤቱን በአሚን ወሰዱብኝ፣ አፌን ግን ማን ይወስድብኛል?

"እትዬ፣ ተማሪዎቼን ምን እንዳስተማርኳቸው ላጫውትሽ?" አልኩ።

"አጫውቺን" አለች። ታሪክ ትወዳለች።

አጫወትኳት። ልጅ የሌላት ንግሥት፣ ቤቷ ያደገው ልጅ፣ ከሩቅ የተጠራው ወራሽ። እያወቅሁ ነው ቀስ ብዬ የነገርኳት። ጀማል ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ።

"ታዲያ ያ ያደገው ልጅ ምን አደረገ?" አለች።

"ጦር ይዞ መጣና ከተማዋን ያዘ። እሷን አሰራት። ከዚያ አስገደላት። በትራስ አፈኗት የሚሉ አሉ፣ በገመድ የሚሉም አሉ።"

"ያሳደገችው ልጅ?"

"ያሳደገችው ልጅ።"

"አስተግፊሩላህ!" አለ ጀማል። "ሌላኛውስ? ከሩቅ የመጣው?"

"እሱማ ዘውዱን አሠርቶ፣ ሠራዊት አስከትሎ መጣ። ናፖሊ ሳይገባ ታሞ ሞተ።" ዐይን ዐይኑን እያየሁ ነው የነገርኩት። ኧረ ደስ አለኝ! መጨረሻ ላይ ዙፋኑን የሁለቱም ዘር ሳይሆን ከስፔን የመጣ ሰው እንደወሰደው ግን አልነገርኳቸውም። ለምን እነግራቸዋለሁ?

እትዬ እጇን ታጠበች። ሳህኗ ግማሽ እንኳ አልጎደለም።

ቅዳሜ

ዱብቲ። ሆስፒታል። ጭኔ ላይ አስደግፌ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌ ቢበላሽም።

እትዬ ስኳር አለባት። ጠዋት ጠዋት መርፌዋን የምወጋት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ቁርሷን እሰጣታለሁ። ዛሬ ክፍሏ ስገባ "ራሴ ተወግቻለሁ" አለች። ገንፎ ሠርቼ አስቀመጥኩላት። ወጥቼ ከተማሪዎቼ ወረቀት ጋር ስታገል ዘሃራ ጮኸች። እትዬ ወለሉ ላይ ወድቃለች፣ ላብ አጥምቋታል፣ ስንጠራት አትሰማም። ጀማል ተሸክሟት ሮጠ። አንድ ሹፌር ሚኒባስ አቁሞልን እዚህ ደረስን።

ስኳሯ ወርዶ ነው አለ ሐኪሙ። ግሉኮስ ሰጧት፣ ነቃች፣ አልሃምዱሊላህ። ከዚያ ሐኪሙ "መርፌውን ወስዳ ለምንድነው ያልበላችው?" ብሎ እኔን ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ሰጥቻታለሁ አልኩት።

ዘሃራ ከኋላችን መጣች። ወደ ጥግ ወስዳ በሹክሹክታ ነገረችኝ። እትዬ ከትናንት ምሳ ጀምሮ እኔ የነካሁትን አልበላችም። ራቱን ለድመቷ ሰጠችው። ገንፎውን ዘሃራ ራሷ ዛሬ ጠዋት ከአልጋው ሥር አገኘችው፣ ክዳኑ እንኳ አልተነሳም።

"ፈርታሽ ነው" አለችኝ ዘሃራ።

እኔን? እኔን ነው የፈራችው?

እሁድ

ገላዋን ላጥባት ውሃና ሳሙና ይዤ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ሌላ ሰው ጥሩልኝ" አለች ለነርሷ። ነርሷ እኔን አየች። "ልጇ አይደለሽም እንዴ?" አለችኝ። ሳሙናውን እጇ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ጀማልማ አይገባም። መሕረሟ አይደለም፤ የባሏ ወንድም ልጅ እንዴት ገላዋን ያያል? ወራሹ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ሌላ ጥላ የለማ።

"ለምን ነገርሻት?" አለኝ።

"ታሪክ ነው።"

"ለአንቺ ታሪክ ነው። እኔ ራሴ ከዓርብ ወዲህ በሬን ቆልፌ ነው የምተኛው።"

ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። እሱም ግራ ገብቶት "አይዞሽ" አለ። ከዚህ ሰውዬ አይዞሽ መስማት! ጠላሁት። አሁንም እጠላዋለሁ።

ነርሷ ስትወጣ ገባሁ። ቆሜ ነው የጠየቅኋት።

"እትዬ፣ ገንፎው ውስጥ ምን ያደረግሁ መሰለሽ?"

አንሶላዋን ወደ አገጯ ሳበች።

"እኔ እንደዚያ አደርጋለሁ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ!" አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። "ያንን ስትነግሪኝ ዐይንሽን አይቼዋለሁ። ደስ ብሎሽ ነበር።"

ደስ ብሎኝ ነበር።

"ለምን እሱን መረጥሽ?" አልኳት።

"እሱ ያዘዝኩትን ያደርጋል። አንቺ ትከራከሪኛለሽ። ቤቴን አንቺ ብትይዢው ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ እንግዳ ነኝ። በሕይወቴ እያለሁ እንግዳ መሆን አልፈልግም።"

እንግዲህ ይሄ ነው። በሕልሜም በእውኔም ሌላ ምክንያት ስፈልግ ነበር፤ የኑሩን ደም፣ የጀማልን ምላስ፣ የሼሁን ምርቃት። ለካ የፈራችው የእኔን ጠባይ ነው። እውነቷን ነው ብዬ ልጽፍ አልፈልግም። ውሸቷን ነው ልልም አልቻልኩም።

ሰኞ

ክፍል አልገባሁም፣ ለተማሪዎቹ ደወልኩላቸው። ጀማልን ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ አግኝቼ የካሸሩን መሳቢያ ቁልፍ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። አንድ እሱ ነበር የቀረኝ። "ወደ ሰመራ ተመለስ፣ ሹፌሮቹ ምሳ ይፈልጋሉ" አልኩት። አየኝ፣ ምን አስባ ነው ብሎ መሰለኝ፣ ከዚያ ሚኒባስ ያዘ። እየቀናሁም እየተናደድኩም ነው የሸኘሁት። ቤቱን ሰጠሁት እንጂ ልቤን ማን ጠየቀው።

አጥሚት አፍልቼ ገባሁ። ነርሷ ከትናንት ጀምሮ በደንብ አልበላችም ብላኛለች፤ ሳትበላ መርፌውን ለመስጠት እንደተቸገሩም ነግራኛለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"ቁልፉን ለጀማል ሰጠሁት" አልኳት። "ቤቱ የእሱ ይሁን። ከእንግዲህ አልከራከርሽም አልልሽም፤ እከራከርሻለሁ። ግን ብይ።"

ጎድጓዳ ሳህኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

"ቅመሺው" አለች።

በልጅነቴ እሷ ቀምሳ ነበር የምታጎርሰኝ፣ እንዳያቃጥለኝ። አሁን ቅመሺው አለችኝ። ማንኪያውን አነሳሁና ቀመስኩ። ውጬ አፌን ከፍቼ አሳየኋት። "ሌላ" አለች። ሌላም ቀመስኩ። ጉሮሮዬን ነበር የምታየው፣ መውረዱን።

ማንኪያውን ወደ እሷ አስጠጋሁ። አፏን ከፈተች። ዐይኗን ግን ከእኔ ላይ አላነሳችም።