ያንቺኑ ቃል ላንቺው ሳስረዳሽ

ውዷ እማ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። በሐረም መስጊድ ተሰግዶብሽ የመካን አፈር ከቀመስሽ ሰባት ወር ሞላ። ሕመሙ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሰጠሽም፤ እኔም እስካሁን ስልኩ ሲጮህ አንቺ እየመሰልሽኝ እሮጣለሁ።

እዚህ መካ፣ ነካሳ ሰፈር ዳገቱ ላይ ያለውን ቤት ልንለቅ ነው። ዳገቱ የአክስቴን የዘይነብን ጉልበት ጨረሰው፣ ታች ሜዳው ላይ ሁለት ክፍል አግኝተናል። ጂዳ ያለችው ማዳምሽ ክፍልሽን ለሌላ ሠራተኛ ሰጥታለች። ደውላልኝ ስታለቅስ ግን ከልቧ ነበር፣ አልዋሽብሽም።

ዕቃ ስንሸክፍ የልጅነት ደብተሬ ተገኘ። በዐረብኛ ስማር አማርኛዬ እንዳይጠፋ ስትጨነቂ ያመጣሽውን ዘዴ ታስታውሻለሽ? አክስቴ ፊደል አስቆጠረችኝ፣ የቀረውን አንቺ በስልክ አስተማርሽኝ። ማዳም ቤት ሰገነቱ ላይ ልብስ ስታሰጪ ድምፅሽን እየቀዳሽ ትልኪልኛለሽ፤ እኔ ያልሽውን ቃል በቃል ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ስሳሳት አክስቴ መልሳ ታሰማኛለች። ሌላው ልጅ ከመጽሐፍ ሲገለብጥ እኔ ከአንቺ ገለበጥኩ።

ደብተሩን በሳቅ ሳገላብጥ አንድ ገጽ ላይ ክው ብዬ ቀረሁ። በዚያ በተንጋደደ ጽሕፈቴ እንዲህ ይላል፤ «ባሕሩን አይቼው አላውቅም፤ ኪሳቸውን ሳራግፍ ግን አሸዋው እጄ ላይ ይቀራል።»

ይህ ዓረፍተ ነገር እኮ የተጨበጨበልኝ ነው። አንቺም አጨብጭበሻል።

ጂዳ፣ በግዳዲያ የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ የጻፍነውን ለማንበብ አርብ አርብ የምንሰበሰብበትን ቤት ታውቂዋለሽ። የሁላችን ታላቅ ጋሽ ነስሩ ያቀረብኩትን ሁሉ «ይሄ ከመጽሐፍ የተቀዳ ነው፣ ያንቺ የታለ?» እያሉ ይመልሱብኝ ነበር። እልህ ያዘኝ። የሰው አማርኛ እንዳይጋባብኝ ብዬ ጭራሽ ማንበብ ተውኩ፤ ጅል ነኝ። ከወራት በኋላ ስለ አንዲት የቤት ሠራተኛ ስጽፍ ያ ዓረፍተ ነገር ድንገት ዱብ አለልኝ። ወላሂ፣ የፈጠርኩት መስሎኝ ነበር።

ያን ዕለት ማዳምን ፈቃድ ለምነሽ መጥተሽ ከኋላ ተቀምጠሻል። አንብቤ ስጨርስ ጋሽ ነስሩ መነጽራቸውን አውልቀው «አሁን ገና ራስሽን ጻፍሽ» አሉኝ። ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ «ከራሴ ነው፣ ከማንም አልቀዳሁም» አልኩ፤ አንቺ እየሰማሽ።

የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው። ወደ ማዳም ቤት ስሸኝሽ ስለ አክስቴ ጉልበት ብቻ ጠየቅሽኝ፣ እኔም ታሪኩ ያልገባሽ መሰለኝ። ስለዚህ ማስረዳት ጀመርኩ። ሠራተኛዋ ስምንት ዓመት ጂዳ ኖራ ባሕሩን እንዳላየች፣ የማዳም ልጆች ከባሕር ዳር ሲመለሱ ልብሳቸውን እንደምታጥብ፣ አሸዋው ምን ማለት እንደሆነ ሁሉ ዘረዘርኩልሽ። የኖርሽውን ላንቺው አስተማርኩሽ። እስከ መጨረሻው ሰማሽኝና «ማሻአላህ ሀያት፣ ይህን ሁሉ እንዴት አወቅሽው?» ብለሽ ሻሼን አስተካክለሽልኝ ገባሽ።

ፍንጭ ሰጥተሽኝ ነበር ይሆን? እኔ አድናቆት ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ደብተሩ እንደተገኘ የአክስቴን አሮጌ ስልክ ቻርጅ አድርገን ከፈትነው። ድምፅሽ አለ። ያን ዓረፍተ ነገር ብለሽ ራስሽ ትስቂያለሽ፣ ከታች ማዳም «ያላ መሬማ!» ብላ ስትጠራሽ ይሰማል፣ ያኔ ይቋረጣል። አክስቴ ተነሥታ ወጣች። እኔ እዚያው ካርቶኖቹ መሐል ተቀምጬ አለቀስኩ።

ልጄ አውቃ ወሰደችብኝ ብለሽ ይሆን? ወይስ የነገርኳትን ሁሉ ረሳችው? የቱ እንደከበደሽ ሳላውቅ ቀረሁ። እኔ ሌባ ብትዪኝ ይሻለኛል፤ ሌባ ቢያንስ ከማን እንደወሰደ ያውቃል።

ባለፈው አርብ ደብተሩን ይዤ ሄድኩና ለሁሉም ተናገርኩ። ጋሽ ነስሩ «የእናት ቃል ለልጇ ሐላል ነው፣ ኸላስ፣ ራስሽን አትጉጂ» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው፣ ይገባኛል። ግን ሐላል ማድረግ የምትችዪው አንቺ ብቻ ነበርሽ፣ እኔም አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ሳልልሽ ሄድሽ። ታሪኩ ላይ ስምሽን ከስሜ በፊት አስገብቻለሁ። አንቺን አይመልስልኝም።

ካረፍሽ ጀምሮ ስለ ሞትሽ የራሴ የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስታገል ነበር። አልሆነልኝም፣ የጻፍኩትን ሁሉ ከማን ሰማሁት እያልኩ እሰርዘዋለሁ። ትናንት የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ገለጥኩ። እንዳትጨነቅ ሁሌ ደህና ነኝ የምትዪያት ወሎ ያለችው አያቴ ስትሞት፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ኢቃማሽ ስላልታደሰ ለቀብሯ መሄድ አቅቶሽ የላክሽልኝ ቃል እዚያ ተጽፏል። ከሱ የተሻለ እኔ የለኝም።

አልረሳሽም ብዬ ብምል ራሴም አላምነኝም፣ አንዴ ረስቼሻለሁና። ቃል የምገባልሽ ይህን ነው፤ ከአንቺ የወሰድኩትን ሁሉ ያንቺ መሆኑን እየተናገርኩ እጽፋለሁ። ከዚሁ ልጀምር። እናቴ መሬማ፣ እናቷ የሞተች ለት እንዲህ አለች፤

«ከእንግዲህ ክፉ ነገር ሲገጥመኝ ከማን ነው የምደብቀው?»