የዘጋሁት ሬዲዮ

ሐሙስ፣ ኅዳር 14 ቀን 1976፣ አዋሳ

ክፍሌ ውስጥ የሳይንስ ትምህርቱ ሬዲዮ ዛሬም ስለ ዓሣ አተነፋፈስ ይለፈልፋል፤ ልጆቹ ፈዘው ያዩኛል። ስርጭት ማቋረጥ ክልክል ነው። ልፍለፋው ግን አናደደኝና ዘጋሁት። ጠዋት ከሐይቁ ዳር የገዛሁትን ዓሣ አውጥቼ ስንጥቡን ገልጬ አሳየኋቸው። ተንጋግተው ከበቡኝ።

"ጋሼ፣ እናቴ አውጥታ የምትጥለው ይሄ ቀይ ነገር ነው የሚያስተነፍሰው?" አለች አማረች።

ለካ ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆሟል። "ጓድ መምህር፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣልህን ትምህርት ማን ዝጋ አለህ? ለቅዳሜው ስብሰባ ግለ ሂስህን አዘጋጅ!"

ከዚህ በፊት በእንዲህ ያለ ስብሰባ ተነስቶ የተከራከረ ባልደረባችን የት እንደገባ እስካሁን አናውቅም።

ቀጥሎ የእንግሊዝኛው ስርጭት ሲጀምር ሬዲዮውን አልነካሁትም። አማረች ልትጠይቅ እጇን አወጣች። ሬዲዮውን አየችና መልሳ አወረደችው።

ቅዳሜ ጥፋቴ ብዬ የምናገረው ሬዲዮ ዘግቼ ዓሣ ማሳየቴን ነው። የወረደውን እጅ ግን ለማን ልናገር?