ያላየሁት ቀይ

ለምወድሽ እናቴ፦

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽ ደረጃውን ለመውጣት እሺ አለሽ ወይስ አሁንም መሃል ላይ ያስቀምጥሻል? ያቺ ጎረቤትሽስ፣ የምታማው ሰው ስታጣ ዶሮዎቿን የምታማው፣ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ» ስልሽ ግን ፊትሽን አታጨማድጂ፤ ነገሩን ቀስ ብዬ ነው የምነግርሽ።

ሥራዬን ለሰው «ኮምፒውተር ላይ ናት» ብለሽ እንደምታልፊው አውቃለሁ። እንዲህ ነው፦ አንድ ድረ ገጽ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት እኔ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ካለበት «አይለፍ» እላለሁ። ብልጭታ ሲደጋገም፣ በተለይ ቀይ ሲሆን፣ ራሳቸውን ስተው የሚወድቁ ሰዎች አሉ። በአንድ ሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ በርቶ ከጠፋ አለቀለት፤ መመለስ ነው። ዓይኗ አያመልጠውም ይሉኛል። ማለቴ፣ ይሉኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የአንድ ጫማ ቤት ገጽ መጣ። አለቃችን (አቶ ቶሎ ነው የምንለው፤ ምሳውን እንኳ ቆሞ ነው የሚበላው) «ቶሎ አይተሽ ስጪኝ» አለኝ። አየሁት። ነጭ ጫማ ብቅ ይላል፣ ከዚያ «እናመሰግናለን» የሚል ጽሑፍ። በቃ፣ የዋህ ገጽ። «ይለፍ» አልኩ። አጠገቤ የነበረውን ሻይ ሳነሳው በርዷል፤ ሻይ የምታመጣልንን ልጅ በሆዴ ረገምኳት።

በማግስቱ አንዲት እናት ደወለች። ልጇ ያንን ገጽ እያየች ከወንበር ወድቃ ስትንዘፈዘፍ ነው የደረሰችባት። ተርፋለች፣ ተመስገን። ገጹ ወዲያው ተዘጋ። አቶ ቶሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«እንዴት አሳለፍሽው?» አለኝ። «ምኑን?» አልኩት። «ቀዩን ነዋ!» ሲለኝ፣ «የቱን ቀይ?» ብል ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ዲዛይን የሚሠራው ባልደረባዬ «ነይ እስቲ ቀልደኛዋ፣ አብረን እንየው» ብሎ እኛ ዘንድ የቀረውን ቅጂ ከፈተልኝ። ነጭ ጫማ። «እናመሰግናለን»። «ይኸው፣ ምን አለው?» ብዬ ዞር ስል የሚስቅ ሰው የለም። አቶ ቶሎ አጠገቤ ቆሟል። መቼ ተነሣ?

ባልደረባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። መሃል ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ማስታወቂያ አለ፤ ረጅም ነው፤ እነሱ ፊታቸውን አዙረው ነው ያሳለፉት። እኔ ግን ዓይኔ እንደተከፈተ ደርቄ ቀረሁ። በስሜ ጠሩኝ፣ ትከሻዬን ነካኩኝ፣ አልመለስኩም። «ሁሌም እኮ እንዲህ ነሽ» አለኝ፤ «እኔ እያሰብሽ ይመስለኝ ነበር።»

እማዬ፣ ስንቱን ገጽ «ይለፍ» ብያለሁ? አደገኛው ቦታ ሲመጣ እኔ የለሁም። ስመለስ አልፏል። ለዚህ ነው ያየሁት ሁሉ ደህና የነበረው።

አሁን የድሮዎቹን በሙሉ ብልጭታ በሚለካ ፕሮግራም እንደገና እየፈተሹ ነው። አቶ ቶሎ፣ እግዜር ይስጠው፣ «ፕሮግራሙ ምን ያደርጋል፣ እሷ ከደረቀች አይለፍ ነው» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ባልደረባዬ ጮኸበት። ከዚያ መመሪያውን አውጥቶ አነበበልኝ፦ ብልጭታ ድንገት ከመጣብሽ አንድ ዓይንሽን በመዳፍሽ ሸፍኚ ይላል። እጄ ወደ ቀኝ ዓይኔ ሲሄድ ተሰማኝ። ማንም ሳያሳየው መንገዱን ያውቀዋል።

አንቺ ነሻ ያስተማርሽው። ያ ግራና ቀኙ ዛፍ የሆነ ረጅም መንገድ፣ አውቶቡሱ ሲበር ፀሐይዋ በግንዶቹ መሃል ብልጭ፣ ጨለም፣ ብልጭ ስትል፣ ከመስኮቱ ጎትተሽ ቀኝ ዓይኔን በመዳፍሽ ትሸፍኚው ነበር። «ጨዋታ ነው» ትዪኝ ነበር። የኮሪደሩ አምፖል መርገብገብ ከጀመረ የማታው ራት እንኳ ሳይቀርብ ወንበር ላይ ወጥተሽ ትነቅዪዋለሽ። ለእንግዳ ሁሉ ደግሞ «ልጄ በቁሟ ነው የምታልመው» እያልሽ ትስቂ ነበር። ሐኪም ዘንድ ወስደሽኝ አታውቂም። ታዲያ ማን ነገረሽ?

ይህን ሳሰላስል ነው ሌላው የመጣብኝ። አንዱ መዳፍሽ የእኔ ዓይን ላይ ነበር። ሌላኛውስ? በጣቶችሽ መሃል አጮልቄ አይቼው ነበር እማዬ፤ ያኔ ለጨዋታው መስሎኝ ነው። የራስሽ ዓይን ላይ ነበር።

ክንድሽ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ «ምድጃው አጠገብ እንቅልፍ ጥሎኝ ነው» ብለሽኝ ነበር። አልጠይቅሽም። ብቻ ሐኪሙ ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ የሁለት ሰው አድርጌዋለሁ። በአውቶቡስ ስትመጪ ከመስኮት ራቂ። እሳት አጠገብ ደግሞ ብቻሽን አትቁሚ፤ ዶሮ የምታማዋን ጥሪያት፣ ትማሽ።

ብርሃን ሁሉ ይለዝብልሽ። መንገድሽ ጥላ አይጣ። ዕድሜሽን ከእኔው ጋር ያርዝመው።

በቁሟ የምታልመው ልጅሽ